በለቅሶ ቤት የዕርቅ ወረቀት አታስፈርሙ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በጋዜጣችሁ የሚወጣውን የትራፊክ አደጋ ዜና ሳላነብ አላልፍም። ገልባጭ መኪና ፍሬን እንቢ ብሎት እግረኞች ላይ ወጣ፣ ይህን ያህል ሰው ሞተ፣ ይህን ያህል ቆሰለ፣ አሽከርካሪው በቁጥጥር ሥር ውሏል፣ ፖሊስ ምርመራውን ቀጥሏል ይልና ዜናው ያልቃል። እኔ የማውቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ሥራውን በጽሕፈት መኪና ጀምሬ ዛሬ በኮምፒውተር እሠራለሁ፤ የቤት ኪራይ ክርክር፣ የውርስ ማመልከቻ፣ የፍቺ አቤቱታ፣ ይግባኝ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ከባድ መኪና ሰው የገደለበት ወይም አካሉን ያጎደለበት ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣኝ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጡና «ጋሼ፣ እስቲ ይህን እዩልን» ይሉኛል። ገና ሳልገልጠው ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ወረቀቱ ዕርቅ ነው። ቃሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም፦ «በደረሰው ድንገተኛ አደጋ ምክንያት ይህን ያህል ብር ተቀብዬ ጉዳዩን በዕርቅ ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ ባለንብረቱንም ሆነ አሽከርካሪውን በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር አልጠይቅም»። ከሥር የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማ፣ ከጎን የአንዲት ሐዘንተኛ ፊርማ ወይም አሻራ። ቀኑን ስመለከት አንዳንዱ የተፈረመው ቀብር በወጣ ማግሥት ነው።

ባለፈው ዓመት የመጣችን አንዲት እናት ልንገራችሁ። ባለቤቷ መርካቶ ጫኝና አውራጅ ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ አፈር የጫነ ገልባጭ ወደ ኋላ ሲመለስ ከግንብ ጋር አጣበቀው፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሕይወቱ አለፈ። በሠልስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ከመኪናው ባለንብረት ወንድም ጋር ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። አለቀሱ፤ ከልባቸው እንዳለቀሱ እሷም ትመሰክራለች። «ልጄ፣ የእግዜር ቁጣ ነው፤ ካሳ የሞተን አይመልስም፤ ሹፌሩም የልጆች አባት ነው» አሏት። ፖስታ ሰጧት። ወረቀቱ ቀድሞ ተተይቦ መጥቶ ነበር። «ለለቅሶው የሰጡትን ብር መቀበያ መስሎኝ ነው የፈረምኩት» አለችኝ። ፖስታው ውስጥ የነበረው ገንዘብ የድንኳን ኪራይና የለቅሶውን ወጪ ሸፍኖ አለቀ። እኔ ዘንድ የመጣችው ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት የምታስገባበት ስታጣና የቤት ኪራዩ ሲከማችባት ነው።

ለእሷ የነገርኳትን እዚህም እጽፈዋለሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ከዚያም አልፎ የታረቀ ሰው «መብቴን አላወቅኩም፣ ተሳስቼ ነው» ብሎ ዕርቁን ሊያፈርሰው አይችልም። በኃይል ወይም በማታለል የተገኘ ፊርማ ነው የሚል ሰው ይከራከር ይሆናል፤ ግን የሚያስረዳው በማን ነው? ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ምስክሮች እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። ስለዚህ በሐዘን የደነዘዘች ሴት በአምስት ደቂቃ የፈረመችውን ወረቀት ለማስነሳት ዓመታት ብትሟገት እንኳ ብዙ ጊዜ አይሳካላትም። ይህን ቁጭ ብሎ ለመበለት መንገር ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቀው የነገራት ሰው ነው።

ሽማግሌዎቹን ልወቅስ አይደለም የምጽፈው። ሽማግሌ ልኮ ይቅርታ መጠየቅ፣ ሟች ቤት ገብቶ ማልቀስ፣ ቂምን ማስቀረት ይህን ሕዝብ አንድ አድርጎ ያኖረ ደግ ባህል ነው፤ ከማንም በላይ እወደዋለሁ። ሹፌሩም ሆን ብሎ አልገደለም። ግን የልብ ዕርቅ ሌላ፣ የልጆችን የነገ እንጀራ መተው ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ማሰር ነው ግፍ የሆነው። ሰው ይቅር ይባባል፤ ካሳው ደግሞ በጊዜው፣ ተሰልቶ፣ በልበ ሙሉነት ይጠየቃል። አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ደግሞም ወረቀቱ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ቤተሰቡ ማወቅ አለበት። በቸልተኝነት ሰው መግደል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 የሚያስቀጣ ነው፤ ቤተሰብ ስለታረቀ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን አይዘጋም። ዕርቁ በወንጀሉ ችሎት የሚቀርበው ለቅጣት ማቅለያ ነው። በፍትሐ ብሔሩ በኩል ደግሞ ባለንብረቱን ከዕዳ ነጻ ያወጣዋል። ሹፌሩ ቅጣቱ ይቀልለታል፣ ባለንብረቱ ያርፋል፣ ሟች ቤት የሚቀረው ባዶ ፖስታ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ አይወሰድ ወይ? ይወሰድ። ሐዘን ላይ ያለ ቤት ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ሐኪም ቤት የተኛ ሰውም መድኃኒት ይገዛለታል። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቃል ነው። እኔ እንዲህ ብለው እንዲጽፉ እመክራለሁ፦ «ይህን ያህል ብር ለቀብርና ለአስቸኳይ ወጪ መርጃ ተቀብለናል፤ ገንዘቡ ወደፊት ከሚወሰነው ካሳ ላይ የሚታሰብ ሲሆን የካሳ ጥያቄ መብታችንን አይነካም»። በቅን ልብ የመጣ ባለንብረት ይህን ለመፈረም አይከብደውም። «ይህማ አይሆንም፣ በዕርቅ ጨርሰናል ካልተባለ ገንዘቡ ይመለስ» የሚል ከሆነ ደግሞ ለምን እንደመጣ ያን ጊዜ ግልጽ ይሆናል።

ቤተሰቦች ቶሎ የሚፈርሙበት አንዱ ምክንያት ከማን እንደሚጠየቅ ስለማያውቁ ነው። ሹፌሩ ድሃ ነው፣ ታስሯል፣ ከእሱ ምን ይገኛል ይላሉ። ባለንብረቱም «እኔ ቤቴ ነበርኩ፣ ሹፌሩን ጠይቁ» ይላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ግን የሚያየው መኪናው የማን እንደሆነ ነው። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ራሱ ባያጠፋም፣ መኪናውን የነዳው ፈቃድ ያልሰጠው ሰው ቢሆንም። የሚያመልጠው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። የተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት ካሳው ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል፤ «ዘሎ ገባብኝ» የሚለው የሹፌሮች ቃል የሚመጣውም ለዚህ ነው። እንግዲህ ገልባጭ መኪና መግዛት የቻለ ሰው የመካስ አቅም እንደሌለው አድርጎ ማሰብ ስህተት ነው። የሚያስቸግረው መኪናው በውክልና ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠ ሲሆን ነው፤ ሊብሬው በአንዱ ስም፣ መኪናው በሌላው እጅ። ያኔ ሁለቱም «የኔ አይደለም» ይላሉ። ስለዚህ ታርጋው ከነኮዱ መያዝ አለበት፤ ተሳቢ ካለው የተሳቢው ታርጋ ለብቻው ነውና እሱም።

የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ነገር ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤዬ ጎደሎ ይሆናል። መሐል ከተማ ላይ፣ ሜክሲኮም ይሁን ለገሃር ወይም ቸርችል ጎዳና፣ አደጋ የደረሰበት ቦታ ብዙ አይቆይም። መንገዱ እንዳይዘጋ መኪናው ይነሳል፣ ደሙ ላይ አፈር ይበተናል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ታክሲው ወረፋውን ይዞ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያለ ይጣራል። ትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ፕላን የሚባለውን፣ ያነሳል፤ ያ ፕላን የጉዳዩ ሁሉ መሠረት ነው። ግን ቤተሰብ ወይም ጓደኛ በስልኩ የሚያነሳው ፎቶ ምትክ የለውም፤ የመኪናው አቋቋም፣ የጎማው ፍሬን ምልክት፣ ታርጋው፣ የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈው የሦስተኛ ወገን ስቲከር ይታይበታል። ያዩ ሰዎች ስም ባይሰጡ እንኳ ስልካቸውን ይስጡ። ፊት ለፊት ባንክ ወይም ሆቴል ካለ ካሜራው ቀርጾ ይሆናል፤ ቅጂው በላዩ ላይ ሌላ ተቀርጾ ከመጥፋቱ በፊት መርማሪው እንዲጠይቅ ወዲያው ማሳሰብ ይገባል። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ይህን አያስብም። ከጎረቤት አንድ ጠንካራ ወጣት ይህንኑ ብቻ እንዲከታተል ቢመደብ ድንኳን ከመትከል የማይተናነስ እርዳታ ነው።

ሞት ካልሆነ፣ ጉዳቱ የአካል ከሆነ፣ በችኮላ መታረቅ የባሰ ይጎዳል። ሜክሲኮ አካባቢ ጫማ የሚጠርግ አንድ ልጅ ነበር። የጭነት መኪና የኋላ ጎማ እግሩን ረገጠው። አጎቱ በሁለተኛው ሳምንት ታረቀ፤ ሐኪሙ «አጥንቱ ይገጥማል» ብሎ ነበርና ገንዘቡ ብዙ መሰለው። ቁስሉ አመረቀዘ፤ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የተቀበሉት ገንዘብ የተሰላው ለተሰበረ እግር እንጂ ለሌለ እግር አልነበረም። ሕጉ ወደፊት የሚደርሰውንም ጉዳት ያስክሳል፤ ይህ የሚሆነው ግን ሕክምናው አልቆ የአካል ጉዳቱ መጠን በመቶኛ በሕክምና ቦርድ ማስረጃ ሲታወቅ ነው። ይህ ከመታወቁ በፊት የሚነገር ማንኛውም የካሳ መጠን ግምት ነው፤ ግምቱንም የሚያወጣው ከፋዩ ነው። የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የትራንስፖርት፣ የአስታማሚ ወጪ፣ ከሥራ የቀሩበት ቀን ሁሉ ይያዝ። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ችሎት ፊት ሲደርስ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ሕክምና ካነሳሁ አይቀር፦ አንድ የጤና ተቋም ደሙ እየፈሰሰ የደረሰን ሰው ቅድሚያ ካልከፈላችሁ አንነካውም ብሎ በር ላይ እንዳቆመው አንድ አባት እያለቀሰ ነግሮኛል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም የተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ የአስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ተቋሙ ሒሳቡን ከመድን ድርጅት ወይም ከመድን ፈንዱ ይጠይቃል እንጂ ተጎጂውን በር ላይ አያቆምም። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ቢሆንም እንኳ ፈንዱ የተቋቋመው ለዚህ ነው። «ገጪው አምልጧል፣ ምንም አይገኝም» ብለው ፖሊስ ጣቢያ ሳይሄዱ የቀሩ ሰዎች አሉ። በፖሊስ ያልተመዘገበ አደጋ ግን ለፈንዱ ማሳየት የሚቻል ነገር የለውም።

ኢንሹራንሱ የሚከፍለውም የመብቱ ጣሪያ አይደለም። ይህ አዋጅ በ2005 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ከ40,000 ብር ያልበለጠ ነበር፤ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100,000 ብር። አንድ ሰው ከአንድ መኪና መከላከያ ያነሰበትን ይህን ስሌት ባነበብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። መጠኑ ሊሻሻል ይችላል፤ ዋናው ነገር ግን ያ ቁጥር የመድን ድርጅቱ ኃላፊነት ልክ መሆኑ ነው። ጉዳቱ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀሪውን ከባለንብረቱ በፍርድ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ሰው ሲሞትም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2095 መሠረት የትዳር ጓደኛው፣ ወላጆቹና ልጆቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ስም ለተቋረጠባቸው መተዳደሪያ ይጠይቃሉ። የልጆቹ መብት የልጆቹ ነው። በሠልስት ቀን እናት ላይ ቀርቦ በአንድ ፊርማ እንዲያልቅ ማድረግ አይገባም። ለዚህ የጋብቻና የልደት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች የላቸውምና ከወረዳ ለማውጣት ጊዜ ይፈጃል፤ በጊዜ መጀመር ነው።

ጊዜው ደግሞ አይጠብቅም። ቁጥር 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበትን ጊዜ ሁለት ዓመት አድርጎታል። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ ወንጀሉ ከዚያ የረዘመ ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ፣ ካለው ያው ረዥሙ ይሠራል፤ ነገር ግን በዚህ ተማምኖ መቀመጥ ራስን ለክርክር ማጋለጥ ነው። ሰዎች «የወንጀሉ ይለቅና» እያሉ ይጠብቃሉ። መጠበቅ አያስፈልግም። ሹፌሩ በወንጀሉ በነጻ ቢሰናበት እንኳ የካሳውን ጉዳይ የሚያየው ችሎት በዚያ እንደማይታሰር ቁጥር 2149 ይናገራል። የዳኝነት መክፈያ የለኝም የሚል ሰው ደግሞ ድህነቱን አስረድቶ በደሃ ደንብ ይከሳል። ሴት ከሆነች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እኔ ራፖር ጸሐፊ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ካሳው ከፍ ባለና ጉዳዩ በተወሳሰበ ጊዜ ጠበቃ ጋ እልካቸዋለሁ፤ አንባቢም እንዲሁ ያድርግ።

ሕግ አውጪዎች የሚያነቡት ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ በቁጥር 2116 የተደነገገው ሕጉ በ1952 ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ልጇን ገልባጭ ለበላባት እናት ዳኛ ፊት ቀርባ የሚፈረድላት ከፍተኛው የሐዘን ካሳ የሠልስቱን ቡና አይሸፍንም። ዳኞችም እየከበዳቸው እንደሚጽፉት ከፊታቸው አይቻለሁ። ይህ ቁጥር መነሳት አለበት።

ከሁሉ በፊት ግን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ አዋጅም በጀትም አይፈልግም። የዕድር ዳኞች ሆይ፣ በእናንተ ድንኳን ውስጥ አርባው ሳይወጣ የካሳ ዕርቅ እንዳይፈረም ከልክሉ። ክርስቲያኑ ተዝካሩን፣ ሙስሊሙ ሰደቃውን ያድርስ፤ ሐዘንተኛው ቀና ብሎ ወረቀት ማንበብ ይቻለው። መተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ብትጨምሩ ማንም አይቃወማችሁም። የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊዎች ደግሞ ፕላን በተነሳ ቀን ለተጎጂው ቤተሰብ የግማሽ ገጽ ወረቀት ቢሰጡ፦ የመኪናው ታርጋ፣ የባለንብረቱ ስም፣ የመድን ድርጅቱ፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ የሁለት ዓመቱ ገደብ፣ ከሥሩም «የካሳ መብትዎን የሚያስቀር ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ» የሚል ቃል። ይህን የሚቃወም ትራፊክ ፖሊስ ይኖራል ብዬ አላምንም፤ እነሱም ከእኔ በላይ ያያሉ።

የግማሽ ገጹን ረቂቅና ለቀብር ወጪ የሚሰጥ ገንዘብ መቀበያውን ቃል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ቦታ ካላችሁ አትሙልኝ። ማንኛውም ዕድር ወይም ፖሊስ ጣቢያ ከጋዜጣው ላይ ገልብጦ ቢያባዛው ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ በአማርኛ የተጻፈውን ወደ ኦሮምኛና ጉራግኛ የሚመልስልኝ ሰው ካለም ልደታ መጥቶ ራፖር ጸሐፊዎቹን ይጠይቅ፣ ያገኘኛል።

ከአክብሮት ጋር
ራፖር ጸሐፊው፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ